የሌዘር ጃኬት ሽታ፦ ከየት መጣ? በምን ይለቃል?

ሌዘር ጃኬት መሽተት ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሽቶ ነው። ሁለት ሦስቴ ፍስስ አድርጎበት ይወጣል። ለአንድ ሰዓት ያህል ይሸፈንለታል። ገላው ሲሞቅ ግን ያው ሽታ ተመልሶ ብቅ ይላል፤ አሁን ደግሞ ሽቶውን ተሸክሞ። ላብና የአበባ ሽቶ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል።

ሽታ እንዲለቅ ከተፈለገ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ምን ዓይነት ሽታ ነው? የተቀመጠውስ የት ነው? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሰው ሁሉ ቆዳውን ሲወለውል ይውላል። በእኔ ግምት ግን ከሚሸቱ ጃኬቶች በአብዛኛዎቹ ጥፋቱ የገበሩ ነው። ቆዳው ምስኪን ነው።

ሽታው የተደበቀው የት ነው?

ከምንም በፊት ጃኬቱን ገልብጡት፣ እጅጌውንም ጭምር። ኪሶቹን ወደ ውጭ አውጡና የስፌቱን ጥግ ተመልከቱ። እዚያ የማይገኝ ነገር የለም፤ የትምባሆ ብናኝ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ ተጨማዶ የደረቀ ሶፍት። በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት። አንዳንዱ ሽታ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ይህን ሞክሩ። ሁለት ንጹህ ነጭ የጥጥ ጨርቆች በውኃ አርጥቡና ጠብ እስከማይል ድረስ ጭመቁ። አንዱን በውስጥ በኩል ብብቱ ላይ፣ ሌላውን በውጭ በኩል ጀርባው ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ ከክፍሉ ወጣ በሉና ትንሽ ንጹህ አየር ሳቡ። አፍንጫ ሽታን ቶሎ ይለምዳል፤ ጃኬቱን ይዛችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ከቆያችሁ ልዩነቱን አታውቁትም። አሁን ጨርቆቹን በየተራ አሽትቱ። የውስጡ ብቻ ከሸተተ ሥራችሁ ከገበሩ ጋር ነው። የውጭውም ከሸተተ ሽታው ቆዳው ውስጥ ገብቷል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጨርቁን በዓይናችሁም እዩት። ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ከያዘ ብዙ ጊዜ የሲጋራ ነው። የጃኬቱ ቀለም ራሱ ጨርቁ ላይ ከወጣ ግን ቆም በሉ። ቀለሙ አልጠነከረም ማለት ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ፈሳሾች እንዲህ ዓይነት ቆዳ ላይ አታድርጉ። ሱዌድም እንደዚሁ ነው። ያ ከላዩ ፀጉር ፀጉር የሚለው ለስላሳ ቆዳ ፈሳሽ ሲነካው እድፍ ይይዛል። ለእሱ ብሩሽና አየር ብቻ ነው።

የቀረውም ቢሆን ማንኛውንም ፈሳሽ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ለምሳሌ ከታች ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ በታጠፈው በኩል። ሲደርቅ እዩት እንጂ እርጥብ እያለ አትፍረዱ።

አዲስ ሆኖ ኬሚካል ኬሚካል የሚል

አዲስ ሌዘር መሽተቱ አይቀርም። ጥሬ ቆዳ ሲለፋ ብዙ ነገር ያልፍበታል። አብዛኛው የልብስ ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዛፍ ልጣጭና ቅጠል በሚገኝ ታኒን ነው። በታኒን የለፋው እንጨት እንጨት፣ ጣፈጥ ጣፈጥ ይላል። ብዙ ሰው «የሌዘር ሽታ» ብሎ የሚወደው ይህንን ነው። ችግር የለውም፣ ተዉት።

የሚሰነፍጥ ከሆነ ግን ምንጩ ብዙውን ጊዜ ማጣበቂያው፣ ቀለሙና ከላይ የሚቀባው ማጠናቀቂያ ነው። እነዚህ በአየር ላይ የሚተኑ ነገሮች አሏቸው። በፕላስቲክ ታሽገው ስለቆዩ መውጫ አላገኙም። መፍትሄው ቀላል ነው። ፕላስቲኩን አውልቁ፣ ዚፑን ክፈቱ፣ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ጥላና ንፋስ ባለበት ቦታ ስቀሉት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልቀነሰ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ታገሱት። አዲስ ጃኬት ላይ ፈሳሽ ማፍሰስ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኪስ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከረጢት ብዙ ጊዜ እርጥበት የምትመጥ ሲሊካ ጄል ናት፣ ጉዳት የላትም። ድሮ ግን ዳይሜቲል ፉማሬት የሚባል የሻጋታ መከላከያ በእንዲህ ዓይነት ከረጢቶች ይጨመር ነበር። የብዙ ሰው ገላ ላይ ከባድ ሽፍታ ስላስነሳ የአውሮፓ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ይህ ነገር ያለበት ዕቃ ገበያ ላይ እንዳይውል ከልክሏል። ጃኬቱን ስትለብሱ ገላችሁን የሚያሳክካችሁ ወይም ዓይናችሁን የሚያቃጥላችሁ ከሆነ በማናፈስ ጊዜ አትፍጁ። መልሱት።

ላብ ላብ የሚል

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው፤ ሰውም ከሁሉም በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ላብ ራሱ ከገላ ሲወጣ እምብዛም አይሸትም። የሚሸተው ባክቴሪያዎች ሲበሉት ነው። በተለይ ብብት ውስጥ ያሉ ዕጢዎች የሚያመነጩት ላብ ስብና ፕሮቲን ስላለበት ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ገበሩ ላይ ነው። አብዛኛው ገበር ደግሞ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ውኃ አይመጥም፤ የገላን ቅባት ግን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ከጥጥ ይልቅ ላብ የሚከረፋበት ለዚህ ነው። ጃኬቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እያለ ምንም አይልም። ለብሳችሁት አሥር ደቂቃ እንደሄዳችሁ ግን ገላችሁ ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ የተኛው ሁሉ ይነቃል።

እንግዲህ ቆዳውን ትታችሁ ገበሩን እጠቡ። ማጠብ ስል ውኃ ውስጥ መንከር ማለቴ አይደለም። ጃኬቱን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ሻምፖ ጨምሩ፤ የሕፃናት ሻምፖ ለዚህ ይመቻል። ስፖንጁን ነክራችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ገበሩን በአንድ እጅ ከቆዳው ላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙና በሌላው እጅ ጠረግ ጠረግ አድርጉ። ከፍ አድርጋችሁ የምትይዙበት ምክንያት አለ። ውኃው ወደ ቆዳው ካለፈ በውጭ በኩል ዙሪያው የጠቆረ ክብ ምልክት ይተዋል፤ ያ ምልክት ደግሞ ከሽታው የባሰ አስቸጋሪ ነው። ከዚያ በንጹህ ውኃ በተጨመቀ ጨርቅ ሳሙናውን አንሱት። ሳሙና ከቀረ ቆሻሻ ይሰበስባል።

ቀጥሎ አልኮል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን 70 በመቶ የቁስል አልኮል መርጫ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ብብቱ፣ የአንገቱ ውስጥና የጀርባው ገበር ላይ ስስ አድርጋችሁ ርጩ። ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ራሱም ተኖ ይጠፋል። ማርጠብ አያስፈልግም፤ ጤዛ ያህል ይበቃል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አትሁኑ። አልኮል ከሌለ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በሁለት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ማበስ ይቻላል። አቼቶው ራሱ ይሸታል፣ ግን ሲደርቅ አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ጃኬቱ እንደተገለበጠ ስቀሉትና ቬንትሌተር አብሩበት። በደንብ ሳይደርቅ ወደ ቁም ሳጥን አትመልሱት። አንድ ጊዜ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ዓመታት የተጠራቀመ ላብ በአንድ ሌሊት አይለቅም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ያስፈልገዋል።

ኮሌታው የተለየ ነው። እዚያ የአንገት ወዝ በቀጥታ ቆዳው ላይ ያርፋል፤ ያብለጨልጫል፣ ይጠቁራል፣ ዳበስ ስታደርጉት ያጣብቃል። ለዚህ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ሳሙና ይሻላል። አረፋውን ብቻ በስፖንጅ አንስታችሁ ጥረጉ፣ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። ሲደርቅ ጥቂት የቆዳ ቅባት ቀቡት። ሳሙናም አልኮልም የቆዳውን ዘይት ይዘው ስለሚሄዱ ካልተተካ ይሰነጠቃል።

ኤንዛይም ያለባቸው የሽታ ማጥፊያዎች ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጨርቅ ላይ ተአምር ይሠራሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ፕሮቲን የሚበላ ኤንዛይም አላቸው። ቆዳ ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጥሬ ቆዳን ለማለስለስ የሚጠቀሙት ተመሳሳይ ኤንዛይም ነው። ገበሩ ላይ በጥንቃቄ ይሁን፤ ቆዳው ላይ ግን አይሁን።

ምድር ቤት ምድር ቤት የሚል

የታፈነ፣ አፈር አፈር፣ የአሮጌ ሻንጣ ዓይነት ሽታ ካለው ሻጋታ ነው። ባይታይም ሻጋታ ነው። ሰልባጅ ጃኬት ላይ ይበዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይከፈት የቆየ ቁም ሳጥን ውስጥም እንዲሁ።

ሻጋታ የሚያስፈልገው ምግብ፣ እርጥበትና የቆመ አየር ነው። ምግቡ ሞልቶለታል፤ ቆዳው ውስጥ ያለው ዘይት፣ ገበሩ ላይ ያለው ወዝ። የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ይጀምራል። ስለዚህ ጃኬቱን ብቻ አጽድቶ እዚያው ቁም ሳጥን መመለስ ልፋትን ገደል መክተት ነው። የቁም ሳጥኑ ጀርባ የውጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ወደፊት ሳብ አድርጉት። ውስጡንም በአልኮል አብሱት።

መጀመሪያ ግን ነጩ ነገር በእርግጥ ሻጋታ መሆኑን አረጋግጡ። ቆዳ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ሲወጣ ሁሌም ሻጋታ አይደለም። አንዳንዴ ከቆዳው ውስጥ ወደ ላይ የወጣ ስብ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። የፀጉር ማድረቂያ ፎን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጋችሁ ከአንድ ክንድ ርቀት ለጥቂት ሰከንድ ያዙበት። ስብ ከሆነ ይቀልጥና ይጠፋል። ሻጋታ ከሆነ ንቅንቅ አይልም። ስብ ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ይበቃዋል፤ የሽታው ምክንያት እሱ አይደለም።

ሻጋታ ከሆነ ጃኬቱን ወደ ውጭ አውጡት። ቤት ውስጥ አታራግፉት፤ ብናኙ ሌላ ልብስ ላይ ያርፍና ችግሩን ታባዙታላችሁ። ማስክ አድርጉ፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ሥራውን ለሌላ ይተው። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ስፌቱን፣ የዚፑን ሥር፣ ከኮሌታው እጥፋት ሥር ያለውን አትርሱ። ሻጋታ የሚወደው የማይታየውን ነው። ብሩሹን ከዚያ በኋላ እጠቡት።

ቀጥሎ 70 በመቶውን አልኮል ከውኃ ጋር እኩል በእኩል በጥብጡ። ጨርቁን ነክራችሁ ጭመቁና ቆዳውን በሙሉ አብሱ። የሻገተውን ቦታ ብቻ ካበሳችሁ ሁለት ነገር ይከሰታል፤ ያልታየው ሻጋታ ይቀራል፣ ቀለሙም ቦታ ቦታ ይለያያል። ገበሩን ከላይ ለላብ እንዳልኩት አድርጉ። ገበሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሽታው ቢለቅም ነጥቡ ላይለቅ ይችላል።

ፀሐይ ላይ ማስጣት ይጠቅማል ወይ? ለገበሩ አዎ። ገልብጣችሁ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ብታሰጡት ጥሩ ነው። ቆዳውን ግን ፀሐይ ላይ አታውሉት። ቀለሙ ይለቃል፣ ይደርቃል።

በረኪና የሚያስብ ካለ ይተወው። ቆዳውንም ቀለሙንም ያበላሻል። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

የሻገተ ጃኬት ከደረቀ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከሌላ ልብስ ተለይቶ ይሰቀል። ሽታው ካልተመለሰ ድናችኋል።

ዝናብ ከመታው በኋላ እርጥብ ውሻ እርጥብ ውሻ የሚል

ይህ ብዙ ጊዜ አዲስ ችግር አይደለም። ውኃ ቆዳው ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ሽታ ገፍቶ ያወጣዋል። ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል።

ዋናው ነገር አደራረቁ ነው። ውኃውን በጨርቅ መጥጡ፣ ኪሶቹን ባዶ አድርጉ፣ ሰፊ መስቀያ ላይ ስቀሉ፣ እጅጌዎቹ ውስጥ ነጭ ወረቀት ጨማዳችሁ ክተቱ። ጋዜጣም ውኃ ይመጥጣል፤ ቀለሙ ግን ነጣ ያለ ገበር ላይ ይወጣል። ወረቀቱ ሲረጥብ ቀይሩት። ማሞቂያ፣ ምድጃና ፎን አጠገብ አታድርጉት። እርጥብ ቆዳ ሲሞቅ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲኑ ይኮማተራል። በታኒን የለፋ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መኮማተር ይጀምራል፤ በክሮም የለፋው ከዚያ በላይ ይችላል። ግን እዚያ ሳይደረስም ይደርቃል፣ እንደ ካርቶን ይገተራል።

ከደረቀ በኋላም እየሸተተ ከቀጠለ ወደ ሻጋታው ክፍል ተመለሱ። እርጥበቱ ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው።

የሲጋራ

የሲጋራ ጭስ ሽታ ብቻ አይደለም። ከጭሱ የሚቀረው ቡናማ ዝቃጭ፣ ታሩ፣ ተጣባቂ ነው፤ ቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ማናፈስ ብቻውን የማይበቃው። ሽፋኑ መነሳት አለበት።

የቆዳውን ገጽ በቆዳ ሳሙና አረፋ ጥረጉ። ጨርቁ ቢጫ መሆኑን እስኪያቆም ጨርቅ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። ከዚያ አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውኃ ባለበት ጨርቅ አንድ ጊዜ አብሱ። አቼቶ እዚህ ላይ ምክንያት አለው። ኒኮቲን ቤዝ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው፤ አሲድ ሲያገኝ መትነኑን የሚተው ጨው ይሆናል፣ በውኃም በቀላሉ ይነሳል። ገበሩን እንዲሁ። ከዚያ ቆዳውን ቅባት ቀቡና ነፋስ ላይ ይቆይ። የዓመታት ሲጋራ ከሆነ ሳምንታት ይወስዳል፤ ተስፋ አትቁረጡ። የሚያጨስ ሰው ጃኬት ከሆነ ደግሞ... እሱን ከሰውየው ጋር ተነጋገሩ።

ዓሣ ዓሣ ወይም የከረመ ዘይት የሚል

ቆዳ ከለፋ በኋላ እንዲለሰልስ ዘይት ይጠጣል። ከእነዚህ ዘይቶች አንዳንዱ የዓሣ ዘይት ነው። የዓሣ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ይበላሻል። ሙቅ መጋዘን ውስጥ የቆየ ጃኬት ላይ ይህ ይታያል። እዚህ ጥፋቱ በእርግጥ የቆዳው ነው። በቀጭን አቼቶ ማበስና ለረጅም ጊዜ ማናፈስ ይቀንሰዋል። ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ አዲስ ከሆነ መመለሱ ይሻላል።

ሌላው ምክንያት የሰው እጅ ነው። ጃኬቱ እንዲያብረቀርቅ ብሎ የምግብ ዘይት የሚቀባ አለ። በዚያ ሳምንት ያምራል፤ ከወራት በኋላ ዘይቱ ይከርማል፣ ይኮመጥጣል፣ አቧራ ይሰበስባል። ታልክ ፓውደር ወይም የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ጠዋት በብሩሽ አራግፉት። ደጋግሙት። ከዚያ በቆዳ ሳሙና ጥረጉ። ከዚያ በኋላ ለቆዳ የተሠራ ቅባት ብቻ ተጠቀሙ።

ናፍታሊን

የብል መከላከያው ነጭ ክኒን ከጠጣር በቀጥታ ወደ ጋዝ ይቀየራል፣ በቆዳውም በገበሩም ይገባል። ማጠብ አይጠቅመውም። የሚያወጣው አየርና ለብ ያለ ሙቀት ነው። ውጭ ጥላ ላይ ቀን ቀን እየሰቀላችሁ ሳምንታት ጠብቁ። ሽታው እያለ ሕፃን ያለበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት። በነገራችን ላይ ሌዘር ናፍታሊን ብዙም አያስፈልገውም፤ ብል ዋና ምግቡ ሱፍና ፀጉር ነው።

ቤንዚን ወይም ናፍጣ

መጀመሪያ ከእሳት አርቁት። ቤት ውስጥ አታስገቡት፣ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፣ ፎን አታቅርቡለት። ገና እርጥብ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ መጥጡት፣ ስታርች ነስንሱበት፣ ውጭ ስቀሉት። ቤንዚን በራሱ ተኖ ይሄዳል፤ ናፍጣ ግን ከባድ ስለሆነ ዘይቱ ይቀራል፣ የቆዳ ሳሙና ይፈልጋል። ሁለቱም የቆዳውን ዘይት ስለሚያሟሙ በኋላ ቅባት ግድ ነው።

የድመት ሽንት

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሽንት ሲቆይ ወደ አሞኒያ ይቀየራል። ዩሪክ አሲዱ ደግሞ ደርቆ ክሪስታል ይሆናል፤ አየሩ በረጠበ ቁጥር ሽታው ይነሳል። ትኩስ እያለ ከተደረሰበት በውኃ በተጨመቀ ጨርቅ ደጋግሞ መምጠጥ፣ ከዚያ ቀጭን አቼቶ። ገበሩ ላይ ብቻ ካረፈ ኤንዛይም ያለው ማጥፊያ ይሠራል፤ ወደ ቆዳው እንዳያልፍ ግን ገበሩ መፈታት አለበት። ቆዳው ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ጃኬቱ ሌዘር ካልሆነስ?

ይህን የምታዩት ገበሩ የተተረተረበት ቦታ ወይም የታጠፈ ጠርዝ ላይ ነው። እውነተኛ ቆዳ በጀርባው በኩል ፀጉር ፀጉር የሚል ጭረት አለው። አርቴፊሻሉ ከጀርባው ተራ ጨርቅ ነው። ፒቪሲ ከሆነ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ፖሊዩሬቴን የሆነው ደግሞ ዕድሜው ሲያልቅ ከአየር እርጥበት ጋር እየተሟሟ ይሄዳል። ያጣብቃል፣ ይላላጣል፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታም ያወጣል። ለዚህኛው መፍትሄ የለም። ቅባትም አይመልሰውም፤ አትድከሙ።

ሰዎች የሚመክሯቸው ነገሮች

ቤኪንግ ሶዳ ይሠራል፣ አጠቃቀሙ ግን ወሳኝ ነው። የለፋ ቆዳ ጥቂት አሲዳማ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤቹ) በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 5 ነው፤ ከ7 በታች አሲድ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ግን አልካሊ፣ የአሲድ ተቃራኒ ነው። እርጥብ ሆኖ ቆዳው ላይ ከቆየ ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ይለውጣል። ስለዚህ በስስ ካልሲ ውስጥ ቋጥራችሁ ኪሱና እጅጌው ውስጥ ክተቱት፤ ሽታውን ከአየሩ ላይ ይስባል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አትደናገሩ። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ መቀላቀል ደግሞ አረፋው ያስደስታል እንጂ ሁለቱ ተጠፋፍተው የሚቀረው ጨውና ውኃ ነው።

ለሽታ መምጠጫ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ከሰል ከቤኪንግ ሶዳው የተሻለ ይመስለኛል። ጃኬቱን ከከረጢቶቹ ጋር ትልቅ ሳጥን ውስጥ ዘግታችሁ ጥቂት ቀናት አቆዩት። ግን ጃኬቱ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት።

የተፈጨ ቡና ሽታውን ይሸፍናል፣ ገበሩን ግን ያበላሻል። ፍሪዘር ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ሲሞቅ ይነሳል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን የቆዳውን ቀለም ይልጣል፣ ገበሩ አሴቴት የሚባለው ሐር መሳይ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ያቀልጠዋል። የኦዞን ማሽን ሽታ ያጠፋል፤ ቢሆንም ሳንባ ይጎዳል፣ ሲበዛ ቀለምና ላስቲክ ይበላል። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ልብስ ማጠቢያ ማሽንን በስሙ ማንሳትም አያስፈልግም።

ላውንደሪ ወይስ ልብስ ሰፊ?

ከላይ ያለውን ሁሉ ሞክራችሁ ሽታው ካልለቀቀ ሁለት መንገድ አለ። ሽታው ቆዳው ላይ ከሆነ ላውንደሪ። ግን ማንኛውም ላውንደሪ አይደለም። በደረቅ እጥበት የሚጠቀሙበት ፈሳሽ የቆዳውን ዘይት ጠራርጎ ይወስዳል። ከመስጠታችሁ በፊት ሌዘር ራሳቸው ያጥባሉ ወይስ ሌላ ቦታ ይልካሉ? ከታጠበ በኋላ ዘይት ይመልሱለታል ወይ? ቀለሙ ቢለወጥ ማን ይጠየቃል? በግልጽ ጠይቁ። መልሱ ከተንዛዛ ጃኬታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሽታው ገበሩ ላይ ከሆነ ግን ገበሩን ማስቀየር ይሻላል። ሌዘር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አሮጌውን ፈትቶ፣ እሱኑ እንደ መለኪያ ተጠቅሞ አዲስ ይሰፋል። የኪሱን ጨርቅም አብሮ እንዲቀይር ንገሩት። የትከሻውን ስፖንጅ ግን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። ላብም ሻጋታም ጠጥቶ ዓመታት የኖረ ስፖንጅ ነው። አዲሱ ገበር ሥር ተመልሶ ከተሰፋ ብዙም ሳይቆይ ያው ሽታ ይመጣል፤ ስለዚህ አውጥቶ እንዲጥለው ቀድማችሁ ንገሩት።